አየር የሚሸጠው ልጅ

«አንተ ልጅ፣ ሳሙና ነው ወይስ አየር የምትሸጥልኝ?»

እንዲህ ያሉኝ ደንበኛዬ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ዓባይ ማዶ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ዓሣ ለብለብና ኮተሌት ይሠራሉ፤ ዕቃቸው ሁሉ ዘይት ስለሆነ የኔ ላርጎ ያስፈልጋቸዋል። ማታ አፉ ድረስ ሞልቼ የሰጠኋቸው ሃይላንድ ጠዋት ሲያዩት ሁለት ጣት ጎድሏል። ክዳኑ አልተከፈተም። የፈሰሰ ጠብታ የለም። እትዬ ደግሞ በስፍር የሚቀልዱ ሰው አይደሉም። ላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስተው እያሳዩኝ ነው የጠየቁኝ።

ምን ልመልስ? እውነታቸውን ነው። ሁለት ጣት አየር ሸጬላቸዋለሁ። ሳላውቅ ነው እንጂ።

ጓሯችን ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሠራሩ ተአምር የለውም። በርሜል ውስጥ ውሃ፣ ከዚያ ሰልፎኒክ አሲድ፣ የአሲዱን ኃይል የሚሰብር ኮስቲክ ሶዳ፣ ከዚያ ቴክሳፖን የሚሉት ሊጥ የመሰለ ወፍራም ነገር፣ ቀለም፣ ሽታ፣ በመጨረሻ ጨው። (ለመሞከር ያሰበ ካለ፦ ጓንትና መነጽር ሳያደርግ እንዳይጠጋው። አሲዱም ሶዳውም አይምሩም።) ከዚያ ማማሰል ነው። እኔ ደግሞ የማማስለው በጉልበት ነበር። መማሰያው ከላይ ወደ ታች በተመላለሰ ቁጥር በርሜሉ አረፋ ይደፍቃል፤ እኔም ደስ ይለኛል። እኛ አገር አረፋ የሌለው ሳሙና መች ሳሙና ይባላል?

በነገራችን ላይ አማርኛችን እዚህ ጋ ትንሽ ያምታታል። ከላይ የሚቆመው ነጭ ክምርም አረፋ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ተቀብራ የምትቀረው አንዲት የአየር ኳስም አረፋ ናት። በዓሉን ሳንቆጥር ማለት ነው። እትዬን ያናደደቻቸው ሁለተኛዋ ናት።

ያን ቀን ማታ ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ትንሽ ኳስ በምን ፍጥነት እንደምትጓዝ የሚነግረን ቀመር ስቶክስ ከሚባል ሳይንቲስት የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1851 ላይ የወጣ። ትምህርት ቤት ሸምድጄ ለፈተና ተጠቅሜበት ረስቼው ነበር። ከውሃ 2,000 እጥፍ የሚዝለገለግ ፈሳሽ እንውሰድ፤ ጥሩ ወፈር ያለ ላርጎ እንደዚያ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አረፋ 30 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 18 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ይሄ ምንም አይደል። አሁን አረፋዋን አሥር እጥፍ አሳንሷት። ጊዜው አሥር እጥፍ አይደለም የሚጨምረው፤ መቶ እጥፍ ነው። 31 ሰዓት!

ገባችሁ? በዓይን የማትለይ ጥቃቅን አረፋ ከታች ተነሥታ ላይ እስክትደርስ አንድ ቀን አልፎ ሌላው ይጀመራል። እኔ ማታ ስሞላ ያ ሁሉ አየር ላርጎው ውስጥ ተዘርቶ ነበር። ትልልቆቹ ሌሊቱን ወጥተው ሁለት ጣት አጎደሉ። ትንንሾቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው።

እሺ፣ ታዲያ አረፋዎቹን ማን እንዲህ አደቀቃቸው? ማር ብታማስል አየር ይገባዋል፤ ግን እንደ ላርጎ ወተት መስሎ አይነጣም። ከውፍረት ሌላ ሦስተኛ ወገን አለ ማለት ነው። ያ ወገን ራሱ ሳሙናው ነው።

ሰርፋክታንት ይባላል፤ ሳሙናን ሳሙና ያደረገው ነገር። ቅንጣቱ ሁለት ጫፍ አላት። አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ውሃ ይሸሻል፣ ዘይት ይወዳል። ስለዚህ ውሃና አየር የሚገናኙበት ገጽ ላይ ሄዳ ትሰለፋለች፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ። የውሃ ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ ነው። የንጹሕ ውሃ ውጥረት በአንድ ሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ነው። ሳሙና ሲገባበት ወደ 30 አካባቢና ከዚያም በታች ይወርዳል። ቆዳው ላላ ማለት ነው። የላላ ቆዳ በቀላሉ ይበጣጠሳል፤ አንዷ ትልቅ አረፋ በመማሰያዬ ተመትታ መቶ ትሆናለች።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ሰው ይነግራችኋል። ሳሙና ያላላል። እኔም እስከዚያ ሳምንት ድረስ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር። ግማሹ ነው።

ሌላውን ግማሽ ለማየት አንድ ሰሃን ውሃና ቁንዶ በርበሬ በቂ ነው። የተፈጨውን ቁንዶ በርበሬ ውሃው ላይ ነስንሱት። ጣታችሁን ላርጎ አስነክታችሁ መሐሉን ንኩት። በርበሬው ዱላ እንደ መጣበት ልጅ ወደ ዳር ይሮጣል። የእህቴ ልጅ «ፈራው!» አለች። አልፈራም። ሳሙና ያለበት ቦታ ላልቷል፤ የሌለበት ዳር ገና ውጥር ነው፤ ውጥሩ ላላውን ወደ ራሱ ጎተተው። ገመድ ጉተታ ነው፤ አንደኛው ወገን ሲደክም ሁሉም ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህን ጉተታ ሳይንቲስቶች በጣሊያናዊው በካርሎ ማራንጎኒ ስም ይጠሩታል፤ እ.ኤ.አ. 1865 ፓቪያ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በዚህ ጉዳይ ነበር።

የውሃን ቆዳ በመለካት ግን ልቤን የወሰደችው አግነስ ፖከልስ ናት። ጀርመናዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. 1862 የተወለደች። በዘመኗ ሴት ዩኒቨርሲቲ አትገባም ነበርና ቤት ቀርታ ወላጆቿን ስታስታምም፣ ዕቃ ስታጥብ ኖረች። ከዕቃ ማጠቢያው ውሃ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። አነስተኛ ገንዳ አዘጋጅታ፣ አዝራር የምታህል ክብ ነገር ውሃው ገጽ ላይ አስቀምጣ፣ እሷን ለማላቀቅ ስንት ኃይል እንደሚፈልግ በሚዛን ትለካ ነበር። እ.ኤ.አ. 1891 ውጤቷን ለእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ለሎርድ ሬይሊ በደብዳቤ ጻፈችለት። እሱም ደብዳቤውን አስተርጉሞ «ኔቸር» መጽሔት ላይ አሳተመላት። እትዬ ምግብ ቤት ጓሮ ዕቃ ሲታጠብ ባየሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች። ስንቱ ነገር ከሰሃን እጣቢ ጋር ይደፋል።

ወደ አረፋዬ ልመለስ። ጉተታው እዚህም አለ።

ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ የምትወጣ አረፋ ቆዳዋ ይንቀሳቀሳል። ስትወጣ ገጿ ከአናቷ ወደ ታች ይፈሳል፤ ፈሳሹም አብሯት ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. 1911 ሁለት ሰዎች፣ ሃዳማርድና ሪብቺንስኪ፣ ሳይተዋወቁ አሰሉት፦ እንዲህ ያለችው አረፋ ከእሷ እኩል ከሆነች ደረቅ ኳስ አንድ ተኩል እጥፍ ትፈጥናለች። ጥሩ። ችግሩ ሰዎች ሲለኩት ትንንሾቹ አረፋዎች እምቢ አሉ። እንደ ደረቅ ኳስ እየተንቀረፈፉ ነበር የሚወጡት። ቀመሩ ትክክል ነው፣ ልኬቱም ትክክል ነው፤ ሁለቱ ግን አይታረቁም። የታረቁት ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ፍሩምኪንና ሌቪች መልሱን አመጡ። ፈሳሹ ንጹሕ አልነበረም። ሳይታወቅ የገባ ቅንጣት ታህል ሰርፋክታንት በቂ ነው። አረፋዋ ስትወጣ ፈሳሹ የሳሙናውን ቅንጣቶች ጠራርጎ ከሥሯ ያከማቻቸዋል። ሥሯ ይላላል፤ አናቷ ውጥር ሆኖ ይቀራል። ውጥሩ አናት ላላውን ሥር ወደ ላይ ይጎትታል፤ ቆዳው ወደ ታች እንዳይፈስ ይያዛል። አረፋዋ አየር ሆና ሳለ የድንጋይ ልብስ ለበሰች።

እዚህ ጋ ነው ወረቀቱን አስቀምጬ የሳቅሁት። ሳሙና ያላላል ብዬ ሦስት ዓመት ሸጬዋለሁ። ለካ ያስራል።

እውነቱን ለመናገር ይህ የፍጥነት ልዩነት ብቻውን እትዬን አያናድድም። አንድ ተኩል እጥፍ ምን አላት? ዋናው በደል ሌላ ቦታ ነው፤ ግን በዚያው ጉተታ የተሠራ። ሁለት አረፋዎች ሲነካኩ በመካከላቸው ስስ የፈሳሽ ገበታ ይቀራል። ንጹሕ ፈሳሽ ቢሆን ገበታው ሳስቶ ይበጠሳል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ትልቋ ደግሞ ቶሎ ትወጣለች። ሳሙና ሲኖር ግን የሳሳችው ቦታ ላይ የሳሙናው ቅንጣት ይራራቃል፤ ያ ቦታ ከጎረቤቱ ይልቅ ይወጠርና ፈሳሹን ወደ ራሱ ስቦ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቁስሉን ራሱ ይሰፋል። ስለዚህ አረፋዎቹ አይዋሃዱም። ትንሽ ሆነው ተፈጥረው ትንሽ ሆነው ይቀራሉ። ትንሽ መሆን ማለት ደግሞ ከላይ አይተነዋል፤ 31 ሰዓት።

አረፋዋ ላይ ደርሳ ስትፈነዳም ሳሙናው አይተዋትም። ይህን ለማየት አምቦ ውሃ ክፈቱ። ብርጭቆው ላይ ስታጎነብሱ አፍንጫችሁን የሚኮረኩራችሁ ጋዙ ብቻ አይደለም፤ ጥቃቅን ጠብታ ይረጫል። አረፋዋ ገጹ ላይ ስትደርስ ጣሪያዋ ይቀደዳል። በቦታዋ ጎድጓዳ ይቀራል። ውሃው ከዙሪያው ሁሉ ጎድጓዳውን ለመሙላት ይሮጣል፤ ሥሩ ላይ ይጋጫል፤ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወነጨፋል። ቀጭን የውሃ ጦር ነው። ጫፉ ተቆራርጦ ጠብታ ይሆናል። ባሕር ላይ ነፋስ የሚያነሣው ጨዋማ ርጭት አንዱ ምንጩ ይኸው ነው።

ሳሙና ጨምሩበት። ጦሩ ይዶለዱማል። መጀመሪያ ነገር ውሃውን የሚያሯሩጠው ውጥረት ቀንሷል። በዚያ ላይ ሩጫው ራሱ ሳሙናውን ሰብስቦ ሥሩ ላይ ያከማቸዋል፤ ጉተታው ወደ ኋላ፣ ወደ ዳር ይሆናል። ስለዚህ ጦሩ ዘግይቶ፣ አጥሮ፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይዞ ይወጣል። ፈሳሹ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ጦር የሚባል ነገር የለም። የማር አረፋ ሲፈነዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎድጓዳው እንደ ሰነፍ ተማሪ አፍ ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ አለቀ።

«ሽሮስ?» ትሉኝ ይሆናል። እናቴም ጠይቃኛለች። ወፍራም ነው፤ ግን ይተፋል፤ ክንዴ ላይ ማስረጃው አለ። የሽሮው ሌላ ጉዳይ ነው። ከሥር የታፈነው እንፋሎት ወፍራሙን ሽፋን ገፍቶ ገፍቶ ሲበጥሰው ራሱን ሽፋኑን ነው የሚወረውረው። ስለዚህ ማማሰል ነው መድኃኒቱ። እናቴ ይህን መልስ ከሰማች በኋላ «ይሄን እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ።

አሁን ወደ አሞላሉ። ላርጎ የምሞላው የሌላ ሃይላንድ አንገት ቆርጬ አፉ ላይ ሰክቼ፣ ከጀሪካን ወደ ታች እያንቆረቆርኩ ነበር። ከፍ አድርጌ። ሻይ ቀጂ የሚኮራበት ዓይነት ከፍታ። ታዲያ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ቀጭን የቧንቧ ውሃ (ሲመጣ ማለቴ ነው) ትንሽ እንደ ወረደ ይቆራረጥና ጠብታ ይሆናል። ለምን እንደሆነ የመረመረው ቤልጅየማዊው ዦሴፍ ፕላቶ ነው። ዓይነ ስውር ሆኖ ነው ያን ሁሉ የሠራው፤ ሌሎች እያዩለት። የውሃው ዘንግ ርዝመት ከወገቡ ዙሪያ ሲበልጥ ውጥረቱ ራሱ አንዳንድ ቦታ እያነቀው ይቆርጠዋል። ማርና ላርጎ ግን እንደ ፈትል ይወርዳሉ። ማሩን ከመቆረጥ የሚያዘገየው ውፍረቱ ነው። ላርጎው ውፍረትም አለው፣ ሳሙናም አለው፤ የሚያንቀው ውጥረት ላልቷል። ክሩ ረዝሞ ረዝሞ ታች ሲደርስ እንደ ገመድ ይጠቀለላል። በየጥቅልሉ መካከል አየር ይዞ ይቀበራል። ከፍ አድርጌ ስቀዳ የኖርኩት አየር ስጠቀልል ነበር ማለት ነው።

አንዴ ደግሞ ክሩ ጉድ አሳየኝ። ክምሩ ላይ ወርዶ እንደ መጠቅለል፣ ድንገት እንደ ፌንጣ ወደ ጎን ተስፈንጥሮ ቅስት ሠራ። ሰከንድ አልሞላም። ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ለካ ስም አለው፤ አርተር ኬይ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. 1963 «ኔቸር» ላይ ጽፎለታል። ሻምፑም እንዲህ ያደርጋል። ለምን እንደሚዘል ብዙ ተከራከሩበት። እ.ኤ.አ. 2013 በፈጣን ካሜራ ያዩት ተመራማሪዎች ክሩ የሚንሸራተተው በስስ የአየር ሽፋን ላይ መሆኑን አሳዩ። እዚህም አየር!

አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር እቀመጣለሁ። ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይሸበሸባል፤ ግን ሁሉም ቦታ አይደለም። በሽብሽቡ መካከል ለስላሳ መንገድ የመሰለ ዝርግ መስመር ይታያል። ልጅ ሆኜ ጉማሬ ያለፈበት ነው ይሉኝ ነበር። አሁን ሳየው የሳሳ የቅባት ወይም የበሰበሰ ተክል ሽፋን ነው ብዬ አስባለሁ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. 1774 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለንደን አጠገብ አንድ ኩሬ ላይ ከሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ዘይት ጠብ አድርጎ ወደ 2,000 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ውሃ እንደ መስተዋት እንዳስተኛው ተርኳል። ስስ ሽፋን ትንንሽ ማዕበል ይገድላል፤ እንደ አረፋዬ ቆዳ የውሃው ገጽም ይታሰራል።

ዳር ላይ የሚከማቸው ቡናማ አረፋም አለ። ሰው ሲያየው ወዲያው «ሳሙና ነው» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም፤ የበሰበሰ ቅጠልና ደንገልም ሰርፋክታንት ይሰጣል። ሆኖም ባጃጅ የሚያጥቡትን ልጆች ቆሜ ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። ከነዚያ ሃይላንዶች አንዳንዶቹ የኔ ይሆናሉ። የምገዛው ሰልፎኒክ አሲድ ተህዋስያን በቀላሉ የሚያፈራርሱት ዓይነት መሆኑ ትንሽ ያጽናናኛል። የድሮው ዓይነት አልፈርስ ብሎ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ላይ የአረፋ ተራራ ቆልሎ ስለነበር ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተቀየረው። ቢሆንም ሐይቁ ቧንቧ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ አሥር ሜትር አይሞላም።

አያቴ ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። እንዶድም ሰርፋክታንት አለው፤ አረፋውም ከዚያ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ከዚያ የተነሣው ምርምር ዓለም ያወቀው ሆነ። ግን አስቡት፤ ያው ነገር ጋቢ ያነጣል፣ ነፍስም ያጠፋል።

ለማንኛውም ላርጎዬን አስተካከልኩ። ምሥጢሩ ጨው ላይ ነበር። ጨው ነው ቴክሳፖኑን የሚያወፍረው፤ የሳሙናው ቅንጣቶች ተሰብስበው እንደ ትል ረጃጅም ሆነው ይጠላለፋሉ። ሲበዛበት ግን ጥልፍልፉ ይላላና ተመልሶ ይቀጥናል። አንዴ አብዝቼ በርሜል ሙሉ ውሃ አድርጌዋለሁ፤ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን ያን ዕለት ለራሴ ተረትኩት። አሁን ጨው የመጨረሻ ነው። በመጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ቀጭን ሳለ አማስልና ክዳን አድርጌ አሳድረዋለሁ። ቀጭን ስለሆነ አረፋው በሌሊት ይወጣል። ጠዋት ጨዉን በውሃ አሟሙቼ፣ መማሰያውን ከውስጥ ሳላወጣ፣ ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ። ስሞላም ጀሪካኑን ዘንበል አድርጌ በላስቲኩ ግድግዳ ላይ አስታክኬ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ የባሕር ዳር ፀሐይ ያግዘኛል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። ጉልበቴም ተረፈ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሃይላንድ ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ። እንደ ሞላሁት ወዲያው አልሰጠኋቸውም፤ ሁለት ቀን አስቀምጬ ነው የወሰድኩት። ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ገለበጡት። ከክዳኑ ሥር የነበረችው አንዲት ትልቅ አረፋ ቀስ እያለች ወደ ላይ ተሳበች። እስክትደርስ ጠበቋት። መልሰው ገለበጡት፤ እንደገና ጠበቁ።

«ዛሬስ ሙሉ ነው» አሉ።

እኔ ፊቴ በራ። ስለ ፍሩምኪንና ሌቪች ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እንግዲያው አየሩን ካወጣህለት ዋጋው ለምን አይቀንስም? ድሮ አየሩንም እየከፈልኩህ አልነበር?»

ሁለት ብር ቀነስኩላቸው።